ዱካውን ማጥፋት የማይችል ካንሰር

መጀመሪያ ሲያዩዋት አታስፈራም። ጆሮ ግንድ አጠገብ፣ አንገት ላይ ወይም ክንድ ላይ የወጣች፣ ቀላ ወይም ሐምራዊ ያለች ጠጣር እብጠት ናት። አታምም፤ አታሳክክም። ባለቤቱ ብጉንጅ ናት ብሎ ይተዋታል፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ፈሳሽ የቋጠረ ነገር ነው ከማለት አያልፍም። በ2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት የ195 ሕሙማንን መዝገብ ሲመረምር፣ ከመቶ 88ቱ ምንም ሕመም አልተሰማቸውም ነበር፤ ናሙና ከመወሰዱ በፊትም ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ሐኪሞቹ የሰጡት ግምት «ጉዳት የለውም» የሚል ነበር። ነገር ግን እብጠቷ በሳምንታት ውስጥ ታድጋለች፤ ቀጥሎ ብብት ወይም አንገት ሥር ንፍፊት ይወጣል። ያኔ ጊዜው ሄዷል።

በሽታው የመርከል ሴል ካንሰር ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1875 በቆዳ ውስጥ የመዳሰስ ስሜትን የሚያስተናግዱ ሴሎችን ከገለጸው ጀርመናዊ የሥነ አካል ሊቅ ከፍሬድሪክ መርከል ነው። በሽታውን ራሱን ለይቶ የጻፈው ግን ሲሪል ቶከር ሲሆን፣ በ1972 በአምስት ሕሙማን ላይ ያየውን አሳተመ። ስሙና በሽታው የተገናኙት በኋላ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የካንሰሩ ሴሎች የመርከልን ሴሎች ስለመሰሉ ነው። መምሰል ግን መወለድ አይደለም። ካንሰሩ ከየትኛው ሴል እንደሚነሳ አሁንም ሊቃውንቱን ያከራክራል፤ ብዙዎቹም ከመርከል ሴል አይደለም ወደሚለው ያደላሉ።

ብርቅ በሽታ ነው። በ2013 በመላው አሜሪካ የታወቁት አዳዲስ ሕሙማን ወደ 2,500 ይጠጋሉ፤ ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ነጮች ናቸው። ስሙ ከሕክምና መጽሔት ወጥቶ ተራው ሰው ጆሮ የገባው በ2023 አሜሪካዊው ዘፋኝ ጂሚ ባፌት በዚሁ በሽታ ሲሞት ነበር። ከ9,000 በላይ ሕሙማንን የያዘ የአሜሪካ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ካንሰሩ ከበቀለበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሰዎች አምስት ዓመት የሚቆዩት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ ንፍፊት ከደረሰ አንድ ሦስተኛ ያህሉ፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ ደግሞ ከመቶ 14ቱ። እነዚህ ቁጥሮች ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች በፊት የተሰበሰቡ ናቸው።

እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር ላይ ይህን ያህል ቀለም ማፍሰስ ለምን? ይህ ካንሰር ብዛት ያላቸው ወንድሞቹ ያላስተማሩትን አንድ ነገር ስላስተማረ ነው። ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ መንገዶች አሉት፤ አንዱ በቫይረስ፣ ሌላው በፀሐይ። በሁለቱም መንገድ ሲሄድ ግን ዱካውን ማጥፋት አይችልም፤ ሕክምናውም የተገኘው ያንን ዱካ በመከተል ነው።

ፍለጋው የተጀመረው ከኤድስ ነው። በ2002 የወጣ ጥናት ኤድስ ያለባቸው ሰዎች በመርከል ሴል ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 13 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳየ። የሰው ኩላሊት ተተክሎላቸው በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያደክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ላይ እንዲሁ ይበዛል። ሰውነት መከላከያው ሲዳከም የሚበረታ ካንሰር ሲታይ፣ የገባው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስ ነው። ለዚህ ጥርጣሬ ደግሞ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር ከማንም ይልቅ የተዘጋጁ ነበሩ። ባልና ሚስት የሆኑት እነዚህ ተመራማሪዎች በ1994 የካፖሲ ሳርኮማን የሚያመጣውን ቫይረስ ያገኙ ናቸው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው፤ ከዚያ በፊት በሆስፒታሎቻችን የሠራ ሐኪም የካፖሲን ጠቆር ያለ ሐምራዊ ምልክት በሕሙማን እግርና ፊት ላይ ማየቱን አይረሳም። የመርከሉ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አገር ወሬ ቢመስልም፣ የሚነሳው ከምናውቀው ሰፈር ነው።

ባልና ሚስቱ ፒትስበርግ ሆነው፣ ከሁይቸን ፈንግና ከማሳሂሮ ሹዳ ጋር፣ የተጠቀሙበት ዘዴ በሐሳቡ ቀላል ነው። ከአራት ዕጢዎች የተወሰደውን፣ ሴሉ በሥራ ላይ ያዋለውን የዘረመል መልእክት ሁሉ አነበቡ፤ ወደ 400,000 የሚጠጉ ቁርጥራጮች ሆኑ። ከዚያ የሰው መሆኑ የታወቀውን አንድ በአንድ ጣሉ። ገበሬ ስንዴውን አስቀርቶ እንክርዳዱን ይጥላል፤ እነሱ ስንዴውን ሁሉ አፍስሰው እንክርዳዷን ፈለጉ። ይህ የሚቻለው የስንዴውን መልክ አጥርቶ ለሚያውቅ ብቻ ነው፤ የሰው ልጅ ሙሉ ዘረመል ተነብቦ ለሁሉም ክፍት የሆነው ደግሞ ገና ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ቢሞክሩት የትኛውን እንደሚጥሉ አያውቁም።

ከቀረው ውስጥ አንዷ ቁራጭ የአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ ከምትሸከመው የፖሊዮማ ቫይረስ ጋር ትመሳሰላለች። ያቺን ይዘው ሙሉውን አወጡት፤ 5,387 ፊደላት ብቻ ያሉት፣ እስከዚያ ጊዜ ማንም የማያውቀው ቫይረስ። የሰው ዘረመል 3 ቢሊዮን ፊደላት አሉት። ከመረመሯቸው 10 ዕጢዎች በ8ቱ ውስጥ አገኙት፤ በ2008 መጀመሪያም «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡት።

የግኝቱ ክብደት ግን በመገኘቱ ብቻ አይደለም። ቫይረስ ዕጢ ውስጥ ተገኘ ማለት ዕጢውን አመጣ ማለት አይደለም፤ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ የተገኘ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነበር ማስረጃው የከበደው። የቫይረሱ ዲኤንኤ ከሴሉ ክሮሞዞም ጋር ተሰፍቶ ተገኘ፤ የተሰፋበትም ቦታ በአንድ ዕጢ ሴሎች ሁሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። ዕጢው ንፍፊት ላይ ሲዛመትም ያው ቦታ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ቫይረሱ ከመጀመሪያዋ ሴል ጋር ከተሰፋ፣ የቀሩትም ሁሉ የእሷ ልጆች ከሆኑ ብቻ ነው። ካንሰሩ ካደገ በኋላ የገባ ቢሆን ኖሮ በየሴሉ ልዩ ልዩ ቦታ በተገኘ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዜና ነገሩን ያወሳስበዋል። ቫይረሱ ብርቅ አይደለም። ከአዋቂ ሰዎች ውስጥ አብዛኞቹ ፀረ እንግዳ አካሉን በደማቸው ይዘው ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ በልጅነት ነው የሚይዘው፤ ምልክት አያሳይም፤ ጤነኛ ቆዳ ላይም ይኖራል። አንባቢው በዚህች ደቂቃ ክንዱ ላይ ተሸክሞት ሊሆን ይችላል። ታዲያ አብዛኛው ሰው የሚሸከመው ቫይረስ እንዴት በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ሰዎች ጥቂቶቹን ብቻ ያሳምማል?

መልሱ ሁለት አደጋዎች በአንድ ሴል ላይ መግጠም አለባቸው ነው። የመጀመሪያው ያየነው ነው፤ ቫይረሱ ሳይታሰብ ከክሮሞዞሙ ጋር መሰፋቱ። ለቫይረሱ ይህ ትርፍ የለውም፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን አባዝቶ ወደ ሌላ ሰው መሄድ አይችልም። ሁለተኛው ደግሞ «ትልቁ ቲ» የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ጅራቱን ማጣቱ ነው። ይህ ፕሮቲን ሁለት ሥራ አለው። በፊተኛው ግማሹ አርቢ (RB) የተባለውን የሴሉን ፕሮቲን ይይዛል፤ በኋለኛው ግማሹ የቫይረሱን ዲኤንኤ ፈትቶ ማባዛት ይጀምራል። አርቢ ማለት ሴሉ ያለጊዜው እንዳይባዛ የሚይዘው ልጓም ነው። ቫይረሱ ከክሮሞዞም ጋር ተሰፍቶ ትልቁ ቲ ሙሉ ሆኖ ቢቀር፣ እዚያው የሰው ክሮሞዞም ውስጥ ማባዛት ጀምሮ ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል፤ ሴሉ ይሞታል፤ ካንሰርም አይሆንም። ስለዚህ ተርፈው የሚባዙት ጅራቱን የቆረጠ ሚውቴሽን የገጠማቸው ሴሎች ብቻ ናቸው። ልጓም ፈቺው ክፍል ቀርቶ፣ ራሱን የሚገድለው ክፍል ተቆርጦ።

ታናሽ ወንድሙ «ትንሹ ቲ» ደግሞ ሌላ ሥራ ይዟል። በ2017 የቦስተን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ትንሹ ቲ ማይክ ኤል የተባለውን የሴሉን ፕሮቲን ወስዶ ኢፒ 400 ከሚባል ትልቅ የፕሮቲኖች ቡድን ጋር ያጋባዋል፤ ይህ ቡድን የመባዛት ጂኖችን ይቀሰቅሳል። በዚያው መንገድ ፒ 53 የተባለው ዋና ዘበኛም እንዲዳከም ያደርጋል። ዘበኛው አይገደልም፤ ሥራውን እንዳይሠራ ይደረጋል። በቫይረስ በመጣው የመርከል ካንሰር ውስጥ የፒ 53 ጂን ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የመጣው ከጀርመን ነው። በ2010 የቩርዝቡርግ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ የሚያድጉ የካንሰር ሴሎችን ወስደው የቫይረሱን ቲ ፕሮቲኖች አጠፉባቸው፤ ሴሎቹ ማደግ አቆሙ፤ ሞቱም። ይህ ለእኔ የታሪኩ ማዕከል ነው። ካንሰሩ ቫይረሱን እንደ ክብሪት ተጠቅሞ አልጣለውም፤ በየቀኑ የሚበላው እንጀራ ነው። ይህ ፕሮቲን ደግሞ የሰው አይደለም፤ ባዕድ ነው። ለሰውነታችን መከላከያ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ዱካ የለም።

ከአምስቱ አንድ ያህል ሕሙማን ላይ ግን ቫይረስ የለም። ይህ ቁጥር የአሜሪካና የአውሮፓ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ነጭ ቆዳ ላይ በሚበረታበት በአውስትራሊያ ተገልብጦ፣ አብዛኞቹ ዕጢዎች ቫይረስ አልባ ሆነው ይገኛሉ። የእነዚህ ዕጢዎች ዲኤንኤ በአልትራቫዮሌት ጨረር ተቆራርጦ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ሚውቴሽኖች የተሞላ ነው፤ በቫይረስ የመጡት ደግሞ ከካንሰሮች ሁሉ ጥቂት ሚውቴሽን ካላቸው መካከል ናቸው። የሚገርመው ሁለቱም እዚያው መድረሳቸው ነው። ቫይረሱ አርቢን ያስራል፣ ፀሐይ የአርቢን ጂን ትሰብራለች፤ ቫይረሱ ፒ 53ን ያዳክማል፣ ፀሐይ ጂኑን ራሱን ታበላሻለች። በማይክሮስኮፕ የሚያያቸው ባለሙያ ሁለቱን መለየት ይቸገራል። በሺህ የሚቆጠር ሚውቴሽን ማለት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር የተዛባ ፕሮቲን ማለት ነው፤ ያም ለመከላከያችን ባዕድ ነው። አንዱ አንድ ትልቅ ዱካ፣ ሌላው ብዙ ትናንሽ ዱካዎች ይተዋል።

ታዲያ መከላከያችን ለምን ዝም አለ? ዝም እንዳላለ የሚያሳዩ ምልክቶች ቀድሞም ነበሩ። በአንዳንድ ሕሙማን ንፍፊት ውስጥ ካንሰሩ ይገኛል፣ የበቀለበት የቆዳ ቦታ ግን ተፈልጎ ይጠፋል፤ እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ ዕድሜ ይኖራሉ። ቆዳው ላይ የነበረውን መከላከያቸው በልቶታል ማለት ነው። ፖል ንጊየም የሚመራው የሲያትል ቡድንም በ2011 አንድ ነገር አሳየ፤ ገዳይ ቲ ሴሎች፣ ማለትም የመከላከያችን ወታደሮች (ከቫይረሱ ቲ ፕሮቲኖች ጋር የሚጋሩት ስም ብቻ ነው)፣ በብዛት ዘልቀው የገቡባቸው ዕጢዎች ባለቤቶች በመርከል ካንሰር አልሞቱም። ችግሩ ያለው በአብዛኛው ሰው ላይ ነው፤ ቲ ሴሎቹ ወይ ዳር ቆመዋል፣ ወይ ገብተው ደክመዋል።

እስከ 2016 ድረስ ሐኪሞች የነበራቸው ከሳንባ ካንሰር የተዋሱት ኬሞቴራፒ ነበር፤ ሲስፕላቲን ወይም ካርቦፕላቲን ከኢቶፖሳይድ ጋር። መጀመሪያ ያስደስታል፤ ከግማሽ በላይ ሕሙማን ላይ ዕጢው ይሟሽሻል። ግን ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ይመለሳል። ከዚህም በላይ ኬሞቴራፒው የሚያደክመው ያንኑ ሊያድን የሚችለውን የመከላከያ ሠራዊት ነው።

መውጫው የመጣው ከኪዮቶ ነው። ታሱኩ ሆንጆ በ1992 ያገኘው ፒዲ 1 የተባለው ፕሮቲን የቲ ሴል ፍሬን ነው፤ ሆንጆና ጄምስ አሊሰን በ2018 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚህ የፍሬን ጉዳይ ነው። ካንሰሩ ፍሬኑን እየረገጠ ቲ ሴሉን ያቆመዋል። ፍሬኑን የሚያስለቅቅ ፀረ እንግዳ አካል ቢሰጥስ? በ2016 በወጣ ጥናት ኬሞቴራፒ ያልወሰዱ 26 ሕሙማን ፔምብሮሊዙማብ ተሰጣቸው፤ ከግማሽ በላይ ላይ ዕጢው ቀነሰ ወይም ጠፋ፤ ቫይረስ ያለባቸውም የሌለባቸውም መልስ ሰጡ። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት ኬሞቴራፒ ያቃታቸው 88 ሕሙማን አቬሉማብ ተሰጥቷቸው አንድ ሦስተኛው ያህል መልስ ሰጡ። ቁጥሩ ብቻውን ኬሞቴራፒን የሚያስንቅ አይመስልም። ልዩነቱ ያለው በቆይታው ነው፤ መልስ ከሰጡት ብዙዎቹ ለዓመታት ጸንተዋል። አቬሉማብ በማርች 23 ቀን 2017 በአሜሪካ ሲጸድቅ ለዚህ በሽታ ተብሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ፔምብሮሊዙማብ በ2018 መጨረሻ፣ ሬቲፋንሊማብ በ2023 ተከተሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ስለ እነዚህ መድኃኒቶች የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እንደ ምሥራች ነው። የተፈተኑት ግን በአብዛኛው በጥቂት ደርዘን ሰዎች፣ ማነጻጸሪያ ቡድን በሌለበት ነው፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ይከብዳል፤ ቢሆንም ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። በ2022 ፍሬን የሚያስለቅቁትን ኒቮሉማብንና ኢፒሊሙማብን አጣምሮ የሰጠ ጥናት እንዲህ ያለ መድኃኒት ቀምሰው ከማያውቁ 22 ሕሙማን ሁሉም መልስ ሰጡ ሲል፣ ጋዜጦች «መቶ በመቶ» ብለው ጻፉ። ሃያ ሁለት ሰው ሃያ ሁለት ሰው ነው። በዚያው ጥናት ቀድሞ ፒዲ 1 መድኃኒት ካቃታቸው 26 ሰዎች መልስ የሰጡት 8 ብቻ ናቸው። ጠንካራ የምለው የጀርመንና የኔዘርላንድ 179 ሕሙማን የተካፈሉበትን ጥናት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኒቮሉማብ ከወሰዱት ከመቶ 84ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው አልተመለሰባቸውም፤ መድኃኒቱን ሳይወስዱ በክትትል ከቆዩት ደግሞ 73ቱ። አሥራ አንድ ነጥብ አያስጨበጭብ ይሆናል፤ ግን ማነጻጸሪያ አለው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምና በፊት መስጠትም ተሞክሯል፤ ኒቮሉማብ ወስደው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 36 ሰዎች በ17ቱ ላይ ሐኪሙ ባወጣው ሥጋ ውስጥ አንድም የካንሰር ሴል አልተገኘም።

ፍሬን የማስለቀቅ ዋጋም አለ። የተለቀቀው ቲ ሴል ታይሮይድን፣ አንጀትን፣ ሳንባን ሊያጠቃ ይችላል። ከሁሉ የከፋው የተተከለ ኩላሊት ያለው ሰው ጉዳይ ነው፤ ካንሰሩ የመጣበት ኩላሊቱን ለማዳን በሚወስደው መድኃኒት ምክንያት ነው፤ ካንሰሩን ለማዳን ፍሬኑ ሲለቀቅ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል።

ዋጋው በብርም ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአሜሪካ ለአንድ ዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ያስወጣሉ። ዱካው ግን ርካሽ ጥቅምም አለው። ብዙ ሕሙማን በደማቸው ውስጥ የቫይረሱ ትንሹ ቲ ላይ የሚያነጣጥር ፀረ እንግዳ አካል ይዘው ይገኛሉ፤ ካንሰሩ ሲወገድ መጠኑ ይወርዳል፣ ሊመለስ ሲል ደግሞ ይነሳል። በየጥቂት ወሩ አንዲት የደም ናሙና መስጠት በየጊዜው ሲቲ ስካን ከመነሳት ይሻላል። ጨረርም አለ፤ ይህ ካንሰር ለጨረር በቀላሉ ይሸነፋል፤ ለተዛመተ ዕጢ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መጠነኛ ጨረር ብዙ ዕጢዎችን አጥፍቷል። ለረጅም ጊዜ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ጨረር ሲሰጥ በነበረበት አገር ይህ ትንሽ ዜና አይደለም፤ አንድ ቀን የሚያልቅ ሕክምና ወረፋን ያሳጥራል።

ጥቁር ቆዳ ከፀሐዩ መንገድ ይከላከላል፤ ከቫይረሱ መንገድ ግን አይከላከልም። አልቢኒዝም ያለበት ወገናችን ደግሞ ከፀሐዩም ጥላ የለውም። በኢትዮጵያ በሽታው ብርቅ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን ምን ያህሉ ብርቅነት የበሽታው፣ ምን ያህሉ የላቦራቶሪው ነው? በተራ ቀለም ሲታይ የመርከል ካንሰር ትናንሽ ክብ ሰማያዊ ሴሎች ነው፤ ሊምፎማም፣ ከሳንባ የመጣ ካንሰርም እንዲሁ ይመስላሉ። የሚለየው ሲኬ 20 የሚባል የፕሮቲን ቀለም ነው፤ ከሴሉ ኒውክሊየስ አጠገብ እንደ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህ ቀለም በሌለበት ላቦራቶሪ የመርከል ካንሰር በሌላ በሽታ ስም ወደ መቃብር ሊሄድ ይችላል።

ካንሰሩ ዱካውን ማጥፋት አይችልም አልኩ። ይህን በጻፍኩበት ብዕር አንድ ማረሚያ ማከል አለብኝ። የሲያትሉ ቡድን በ2018 ሁለት ሕሙማንን ገለጸ፤ ቫይረሱን የሚያውቁ የራሳቸው ቲ ሴሎች በላቦራቶሪ ተባዝተው ተመልሰውላቸዋል፣ ፍሬንም ተለቅቆላቸዋል፤ ካንሰሩም ሸሸ። አንድ ዓመት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ግን በሁለቱም ተመለሰ። ቫይረሱ አልተወገደም፤ አሁንም እንጀራው ነው። ካንሰሩ ያደረገው ሌላ ነው፤ ሴሉ የውስጡን ፕሮቲን ቁራጭ ለቲ ሴል የሚያሳይበትን፣ ኤችኤልኤ የሚባለውን መስኮት ዘጋ። እሱንም በጅምላ ሳይሆን፣ የተሰጡት ቲ ሴሎች የሚያዩበትን አንዱን መስኮት መርጦ።

ሆኖም መስኮቱን አላፈረሰውም። ጂኑ እዚያው አለ፤ ዝም እንዲል ተደርጓል እንጂ አልተቆረጠም። በላቦራቶሪ ዝምታውን የሚሰብሩ መድኃኒቶች ሲጨመሩባቸው ሴሎቹ መስኮቱን መልሰው ከፍተዋል።